የሃያ አንድ በርጩማዎች አገር

አገሩ የት እንደሆነ አልነግራችሁም። ብነግራችሁ "ይሄማ የእነ እገሌ አገር ነው" ትላላችሁ፤ እነ እገሌም ሰምተው ያኮርፋሉ፤ ሲያኮርፉ ደግሞ ሽማግሌ ሊላክባቸው ነው። ሽማግሌ ሲበዛ ምን እንደሚመጣ ከዚሁ ወሬ ትረዱታላችሁ። ስለዚህ አገሩ አገር ነው፣ ሰዉም ሰው ነው ብላችሁ ስሙኝ።

የዚያ አገር ንጉሥ የሚኖረው ከተራራው ጫፍ ነበር፤ ሰዉ ደግሞ ከሥር፣ ከሜዳው። በሁለቱ መካከል የቆየ ጠብ ነበር። ጠቡን ያመጣው ሰዉ ነው፤ ይህን ሰዉም አይክድም። ብዙ ዘመን ማንም ወደ ላይ ቀና ብሎ ማየት አቅቶት ሲኖር፣ አንድ ክረምት የንጉሡ ልጅ ብቻውን ወረደ። ከሰዉ ጋር አረሰ፣ ልቅሶ ደረሰ፣ ሠርግ በላ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ብርድ መታው። በመጨረሻም ሰዉን ሰብስቦ፦

"ከእንግዲህ በአባቴና በእናንተ መካከል ያለሁት እኔ ነኝ። ቤቴን ከመንገዱ ራስ ላይ እሠራለሁ፤ መዝጊያ አላበጅለትም። የቸገረው ይምጣ፤ መምጣት ያልቻለ ካለበት ይጥራኝ" አላቸው።

እንዳለውም ሠራ። ቤቱ መዝጊያ አልነበረውም።

ሰዉ ደስታውን አልቻለውም፤ ሰባት ቀን ጨፈረ። በስምንተኛው ቀን ግን ይሉኝታ መጣ። የዚያ አገር ሰው ጨዋ ነው፤ ጨዋነቱ ግን ወሰን የለውም። የጎረቤቱ ቤት በእሳት ሲያያዝ እንኳ እንደምን አደራችሁ ብሎ፣ ከብቶቹን ጠይቆ፣ የልጆቹን ጤና ሰምቶ ነው "እሳት" የሚለው። እንዲህ ያለ ሰው መዝጊያ የሌለው ቤት ሲያይ ምን ይሆናል? ተጨነቀ። "በዚህ ጭቃ እግሬ እንዴት እገባለሁ? ምሳ ላይ ቢሆንስ? እገሌ የተሻለ ልብስ አለው፤ እሱ ይንገርልኝ" አለ አንዱ። ጥሩ ልብስ ያለውም መንገድ ጀምሮ እኩሌታው ላይ ሲደርስ አፈረ፤ ከእሱ የተሻለ ፈለገ። የተሻለውም የተሻለ ፈለገ። ይሉኝታ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ ከልጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ከሜዳው እስከ ቤቱ ድረስ ሃያ አንድ በርጩማ ተደረደረ፤ በየበርጩማውም አንድ አማላጅ ተቀመጠ።

ሥርዓቱ የዋዛ አይደለም። የመጀመሪያው አማላጅ አቤቱታ የሚሰማው ቆሞ ነው፤ ሁለተኛው ለመጀመሪያው ጆሮ የሚሰጠው በነጠላ ተጋርዶ ነው። አራተኛው በግራ ጆሮው ብቻ ይሰማል፤ ቀኙን ከላይ ለሚመጣ ቃል አስቀምጦታል፤ ቀኙ እስካሁን ሥራ አልጀመረም። አስራ ሁለተኛው ጭራሽ አይሰማም፤ ግን እንደማይሰማ መንገር ነውር ስለሆነ ሁሉም በጆሮው አንሾካሽኮ ያልፋል፣ እሱም የመሰለውን ለአስራ ሦስተኛው ይናገራል። ሰባተኛው ከሞተ አስራ አራት ዓመቱ ነው። መሞቱ ወደ ላይ እንዳይነገር፣ ወደ ላይ የሚሄድ ነገር ሁሉ በሰባተኛው በኩል ማለፍ አለበት፤ እሱ ደግሞ ሞቷል። ስለዚህ ስድስተኛው ለባዶው በርጩማ ያንሾካሹካል፣ ሟቹ አስቦ እስኪጨርስ ይጠበቃል፣ ከዚያ ስምንተኛው ይረከባል። ሟቹ ከሌሎቹ ይልቅ ቃል የማያዛባ ነው ብለው የሚያመሰግኑትም አሉ።

ሕግም ወጣ። በበርጩማዎቹ በኩል ሳያልፍ የንጉሡን ልጅ በቀጥታ የጠራ ሰው፣ ሃያ አንድ የተከበሩ ሰዎችን ባንድ ቃል ሰድቧልና ከአፋፉ ወደ ገደል ይገፋል።

ታረቀኝ የሚባል ገበሬ ነበር። ሚስቱ ዘርጊቱ ትባላለች፤ ሸክላ ትሠራለች። ሌላ ዘመድ የላቸውም፤ ባል ለሚስት፣ ሚስት ለባል ነው። አንድ ቀን ዝናብ የበላው አፈር ተናደና ያለቻቸው አንዲት ላም ወደ ገደሉ ተንሸራተተች። ታረቀኝ ገመዱን እንደያዘ አብሯት ተንሸራተተ፤ አንዲት ቁጥቋጦ ብቻ ያዘችው። ያኔ ወደ ተራራው ቀና ብሎ ባለ በሌለ ድምፁ "የንጉሥ ልጅ፣ ድረስልኝ!" ብሎ ጮኸ።

ጩኸቱን መንደሩ ሁሉ ሰማ። ገመድ ይዞ የመጣ አልነበረም፤ ሦስት ምስክር ግን መጣ። ላሚቱ ገደል ገባች፤ ታረቀኝ እንደምንም ተፍጨርጭሮ ሲወጣ ምስክሮቹ እጁን ይዘው ከዳኛው ከፊታውራሪ አስቻለው ፊት አቆሙት።

"ማንን ነው የጠራኸው?" አሉት ፊታውራሪ።

"የንጉሡን ልጅ።"

"በማን በኩል?"

"ጌታው፣ እየወደቅሁ ነበር እኮ። በማን በኩል ልበል?"

"አየኸው ድፍረትህን? ላምህ ብትቸኩል አንተ ምን አስቸኮለህ?" አሉና ፈረዱ። በአስራ አንደኛው ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከአፋፉ ይገፋል። እስከዚያው አንድ እግሩ ሁለት ቀዳዳ ባለው ግንድ ውስጥ ገብቶ ይቆያል። ምሕረት የሚገኘው ከንጉሡ ብቻ ነው፤ ከንጉሡ የሚለምን ደግሞ ልጁ ነው፤ ወደ ልጁ የሚወስደው መንገድ ይታወቃል።

ዘርጊቱ በማግስቱ ገና ሳይነጋ፣ የሸክላ ጭቃ ከክንዷ ሳይለቅ፣ ከመጀመሪያው አማላጅ ከባላምባራስ ዘገየ ደጅ ቆመች። ባላምባራስ ክፉ ሰው አይደሉም። አባታቸውም አያታቸውም በዚያች በርጩማ ላይ ያረጁ፣ እንባ የሚቀናቸው ሰው ናቸው።

"ባሌ ላሙ ገደል ገብታበት ስለጮኸ ሊገድሉት ነው፤ እባክዎ 'ማረው' ይበሉልኝ" አለቻቸው።

ባላምባራስ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ውይ እህቴን። ግን 'ሊገድሉት' የሚል ቃል ለሁለተኛው ጆሮ ይከብዳል። 'ጥቂት ተቸግሯል' ብንል?"

"ሞት እኮ ነው ባላምባራስ። ጥቂት የሚባል ሞት አለ?"

"የለም፤ ግን ቃሉ ጥቂት ቢሆን ምን አለ? 'ጮኸ' የሚለውንም 'ድምፁን አሰማ' እንበለው። አይዞሽ፣ አሳምሬ ነው የማደርስልሽ።"

አማላጅ ሁሉ ቃሉን ግማሽ ቀን ያስቀምጠዋል፤ ቶሎ ማስተላለፍ ሸክምን እንደ መጣል ይቆጠራላ። ዘርጊቱ በጣቷ ቆጠረች። ሃያዎቹ አማላጆች አስር ቀን ይጨርሳሉ። ቃሏ ከሃያ አንደኛው ዘንድ የሚደርሰው ባሏ በሚገፋበት ቀን ጧት ነው። እንዲህ ብሎ መቁጠርም ነውር ስለሆነ ከእሷ በፊት የቆጠረ አልነበረም።

ተስፋ ቆርጣ ቤቷ ልትገባ ነበር። ነገር ግን ቤቱ ባዶ ነው፤ ባዶ ቤት ምን ይሠራል? ሕጉ ከሁለተኛው አማላጅ ጀምሮ መናገርን ይከለክላል እንጂ መራመድን አይከለክልም። ስለዚህ የራሷን አቤቱታ ከኋላ ከኋላ ተከትላ ተራራውን መውጣት ጀመረች። እንዲህ ያደረገ ሰው ታይቶ አይታወቅም። አማላጆቹ ምን እንደሚሏት ጨንቋቸው ስትመጣ ፊታቸውን ወደ ቁጥቋጦ ያዞሩ ነበር።

ያየችውንና የሰማችውን ስነግራችሁ እኔም ያመኛል። ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ባሏ "ድምፁ ያማረ ገበሬ" ሆኖ ጠበቃት። አምስተኛው "ችግር ከምሳ በፊት አይወራም" ብሎ "ተቸግሯል"ን "ያስባል" አለው። ሰባተኛው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ምንም አልቀየረም። ዘጠነኛው ስለ ባልዬው ማውራት ትዕቢት ያስመስላል ብሎ ስለ ላሚቱ ብቻ ተናገረ። አስራ ሁለተኛው ያልሰማውን "ላሚቱ ወለደች" ብሎ አስተላለፈ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ምሥራች ሆነ። አስራ ስድስተኛው እልል አለበት። ዘርጊቱ ከድንጋይ ኋላ ቁጭ ብላ የገዛ ልቅሶዋ በእልልታ ሲያልፍ አየች፤ በዚያች ሰዓት ባሏ አንድ ጊዜ የሞተ መሰላት።

በአስራ አንደኛው ቀን ጧት ከሃያ አንደኛው በርጩማ ደረሰች። ግራዝማች በላቸው የሚባሉ ሸበቶ፣ ፊታቸውን ወደ ሜዳው፣ ጀርባቸውን ወደ ንጉሡ ልጅ ቤት ሰጥተው ተቀምጠዋል። ሃያኛው ጠጋ ብሎ "ሁሉ ደህና ነው፤ እንደምን አደሩ ብለዋል" አላቸው። ግራዝማችም ሳይዞሩ አንገታቸውን ደፋ አድርገው "እንደምን አደሩ" ብለው አጉተመተሙ። ድምፃቸው ጺማቸውን አላለፈም።

ዘርጊቱ አሁን ሕጉንም ነውሩንም ረሳች።

"ግራዝማች፣ ነገሯቸው ማለት ነው አሁን?"

ሰውዬው ክው አሉ። መልስ መንፈግም ነውር ነውና "አዎን፣ ነገርኳቸው" አሏት።

"ሰሙ?"

"እሱን እኔ በምን አውቃለሁ ልጄ? ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምነግራቸው። ፊት ለፊት ማየት ድፍረት ነው።"

"አይተዋቸው አያውቁም?"

"እኔ? አባቴም አላየ።"

"ገብቼ ልንገራቸው።"

"ኧረ በገላጋይ! በዚህ ጭቃሽ?" አሉ ግራዝማች። ሊይዟት ፈለጉ፤ ለመያዝ ግን መዞር አለባቸው፣ ቢዞሩ ደግሞ ቤቱን ሊያዩ ነው። እጃቸውን ወደ ኋላ እያርገበገቡ እንደተቀመጡ ቀሩ።

ዘርጊቱ ገባች። መዝጊያ የለም፣ ዘበኛ የለም፣ "ማነሽ" የሚላት የለም። ደፉ ላይ ሣር በቅሏል። ማዕዱ ላይ አንድ ጉርሻ የተነሳለት እንጀራ ደርቆ ቀርቷል። ከጓሮ ውሃ የምትቀዳ አሮጊት አገልጋይ አየቻትና እንስራዋን አወረደች።

"እሱን ፈልገሽ ከሆነ የለም፤ ሄዷል" አለቻት።

"መቼ?"

"አስራ አንድ ቀን ሆነው። ምሳ ሊበላ ቁጭ እንዳለ ከታች አንድ ሰው ጮኸ። ገደል የገባ ሰው ድምፅ ነው። ጉርሻውን ወደ አፉ ሳያደርሰው አስቀመጠና ተነሳ።"

"በየት በኩል? እኔ በመንገዱ ላይ አስር ቀን ሙሉ ነበርኩ፣ አላየሁትም።"

"በጓሮ በኩል ነዋ። የፊት ለፊቱን መንገድማ በርጩማ ዘጋው።"

ዘርጊቱ በጓሮው መንገድ ቁልቁል ሮጠች። መንገዱ አጭር ነበር፤ አስር ቀን የወጣችውን ግማሽ ቀን ሳይሞላ ወረደችው። አፋፉ ላይ ስትደርስ ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ነው፣ ሕዝቡም ተሰብስቧል። ታረቀኝ ግን ከሕዝቡ ውጪ፣ ሳር ላይ፣ እግሩ ተፈትቶ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። አጠገቡ ወደቀች።

"ማሩህ?"

"አልማሩኝም፤ ሌላ ሰው ተካኝ" አለና ነገራት።

አንቺ ጧት በወጣሽበት ቀን፣ አለ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ገደሉን ሲፈልግ ያደረ አንድ ሰው መጣ። "የጠራኸኝ አንተ ነህ?" አለኝ። አዎን አልኩት። ዘቦቹ "በማን በኩል መጣህ?" ሲሉት "በራሴ" አላቸው። ይኸው፣ ተመሳሳይ ወንጀል ነው ብለው በግንዱ ሁለተኛ ቀዳዳ እግሩን አስገቡት። አስር ቀን አብሮኝ ተቀመጠ። የእኔ ቁርጭምጭሚት ሲደማ በገዛ ልብሱ አሰረልኝ። ዛሬ ፊታውራሪ ሲመጡ "የንጉሡ ልጅ እኔ ነኝ። ይህን ሰው ልቀቁት፤ ፍርዱን እኔ እወስዳለሁ" አላቸው።

ፊታውራሪ አስቻለው እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም። "የንጉሡ ልጅ መሆንህን ማን ይመሰክርልሃል?" ብለው ጠየቁ። እሱን ሊያውቅ የሚገባው ሃያ አንደኛው አማላጅ ነው፤ ሃያ አንደኛው ደግሞ አይቶት አያውቅም። ስለዚህ ምስክር ጠፋ። ከዚያ መዝገቡን ገለጡ። መዝገቡ "አንድ ሰው ይገፋ" ይላል፤ ስም አይጠራም፣ የጥፋተኛ ስም መጥራት ነውር ነውና። "እንግዲህ መዝገቡ አንድ ይላል፤ አንድ ካገኘን ሕጉ አይጎድልበትም" አሉና ታረቀኝን ለቀቁት። ከሕዝቡ አንዲት ሴት "አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ" ስትል ተሰማች።

ዘርጊቱ ከተቀመጠችበት ተነስታ ሕዝቡን እየገፋች ሄደች። ሰውዬው አፋፉ ላይ ቆሟል። መልኩ እንደ ማንኛውም ሰው ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ ቆስሏል። አስር ቀን ሙሉ ያጠናችው የልመና ቃል ነበራት፤ አንዱም አልመጣላት አለ።

"ቤትህ ሄጄ ነበር" አለችው።

"አውቃለሁ። እኔ ደግሞ ቤትሽ መጥቼ ነበር" አላት። ከዚያ ገፉት።

እኔ ይህን ሳወራ ድምፄ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ አውርቼዋለሁ፣ አልለመድኩትም።

በዚያ ምሽት ዘርጊቱ ከላይ ያየችውን፣ መዝጊያ የሌለውን ቤት፣ የተቋረጠውን ምሳ፣ የአገልጋይዋን ቃል ሁሉ ስትናገር መንደሩ ተረበሸ። የገፉት ማንን እንደሆነ ገባቸው። ደረታቸውን መቱ፣ ፀጉራቸውን ነጩ። ከዚያ ተሰብስበው መከሩና ይቅርታ ለመጠየቅ ወሰኑ። ይቅርታውንም በሥርዓቱ ለመጀመሪያው አማላጅ ለባላምባራስ ዘገየ ሰጡ። ባላምባራስ "ገደልንዎ" የሚለው ቃል ይከብዳል ብለው "ሸኘንዎ" አሉት። አምስተኛው ጋ ሲደርስ ይቅርታው "መልካም መንገድ" ሆኖ ነበር፤ አስራ ሁለተኛውን ሲያልፍማ የሠርግ ጥሪ ሆኖ ወጣ ይባላል።

በሦስተኛው ቀን ጧት የንጉሡ ልጅ በገደሉ መንገድ በእግሩ ወጣ። እንዴት ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እኔ አላየሁም፣ ያዩት ግን ዋሽተው ለመጠቀም የሚችሉ ሰዎች አልነበሩም። ያነክሳል፤ እጁም ቆስሏል። ፊታውራሪ አስቻለው ድጋሚ ይገፋ እንደሆነ መዝገብ ገለጡ። መዝገቡ "ይገፋ" ይላል እንጂ "አይመለስ" አይልም፤ ስለዚህ የታረቀኝ ፋይል ተዘግቷል፣ ሰው መመለስ የገደሉ ጉዳይ ነው ብለው ፈረዱ። በሕይወታቸው የፈረዱት ደህና ፍርድ ይሄ ነው።

የንጉሡ ልጅ በቀጥታ ወደ ታረቀኝና ዘርጊቱ ቤት ሄዶ ከመደቡ ላይ ተቀመጠ። ዘርጊቱ ውሃ ሰጠችው፤ ጠጣ። ታረቀኝ የልቡን ነገረው፤ ያለ ምንም ማሳመሪያ፣ ስለ ላሚቱ ሳይቀር ነገረው። እሱም ስለ ሁለቱ ከአባቱ ጋር እንደተነጋገረ፣ ጠቡም እንዳለቀ ነገራቸው። በዚያች ጎጆ ውስጥ ያን ቀን የነበረውን ደስታ ለማውራት ሌላ አፍ ይስጠኝ።

ከሰዓት በኋላ ባላምባራስ ዘገየ ነጠላቸውን አደግድገው መጡ። ብቸኛ ልጃቸው ታማ ከወደቀች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ውሃ እንኳ አልዘልቅላት ብሏል። ሃያ አንዱን በርጩማ እንዳይጠብቁ ልጂቱ አስር ቀን የላትም። መደቡ ጠባብ ስለሆነ ዘርጊቱ ከንጉሡ ልጅ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ታረቀኝ አዙረው፣ እጁን ይዘው፣ በሹክሹክታ ጀመሩ።

"ወንድሜ፣ ልጄ እየሞተችብኝ ነው። አንተ ለባለቤትህ ንገርልኝ። እሷ ደግሞ ቤታቸው ገብታለችና ደፍራ ለእሳቸው ትንገርልኝ።"

ታረቀኝ ግራ ገባው። "ባላምባራስ፣ ይኸው አጠገብዎ ናቸው። ጉልበትዎ ጉልበታቸውን ነክቷል።"

ባላምባራስ ጉልበታቸውን አዩ፤ ሰበሰቡት። ከዚያ እንዳይሰሙ ብለው ድምፃቸውን የባሰ ዝቅ አደረጉ። "ቢሆንም። እባክህ ወንድሜ፣ ልጄ ናት፤ አንተ በላቸው።"

ዘርጊቱ የውሃውን ቅል እንደያዘች ቆማ ቀረች። የንጉሡ ልጅ ወደ ሽማግሌው ዞረ፤ የቆሰለ እጁን ትከሻቸው ላይ አደረገና፣ ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ እየሰማ፣ "ባላምባራስ፣ ልጅህን ምን ነካት? ተነሳ እንሂድ" አላቸው።

ባላምባራስ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። እጁ ከትከሻቸው ሳይነሳ ወደ ታረቀኝ ጠጋ አሉና፣

"ምን አሉኝ?" ብለው ጠየቁት።